ወረቀቷ የምትናገርላት ልጅ

ኦስሎ፣ ግሮሩድ ሰፈር ውስጥ በነበርኩበት አንደኛ ክፍል ልጆቹ ሁለት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው በልብስ መቆንጠጫ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የግድግዳዎቹ ልጆች ከወረቀት የተሠሩ ናቸው። ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን፣ መምህርቷ እያንዳንዱን ልጅ ሰፊ ቡናማ ወረቀት ላይ በጀርባው አስተኝታ ዙሪያውን በሰማያዊ ማርከር አስምራ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ለየራሳቸው ወረቀት ዓይን፣ አፍንጫና ልብስ ሳሉለት። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የተማሩትን ፊደል ከባለቀለም ወረቀት እየቆረጡ ሆዱ ላይ ይለጥፉበታል። እኔ ጥር ላይ ስገባ ፊደሎቹ ደረት ደርሰው ነበር። ሰኔ ሲመጣ አንገት አለፉ። በእነሱ ፊደል መጨረሻ ላይ የሚመጡት ሦስቱ ቦታ ስለጠፋላቸው ግንባር ላይ ተለጠፉ።

እኔ የሄድኩት ለፕራክሲስ ነው። ቋንቋ በሥራ ላይ እንድለምድ ብሎ ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ነው የላከኝ። እርሳስ እቀርጻለሁ፤ የጫማ ማሰሪያ አስራለሁ፤ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፤ ፍራፍሬ እቆርጣለሁ። አገሬ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ መምህርቷ ፊደል ስታስተምር እኔም ከኋላ፣ ትንሹ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ እማር ነበር። ጥያቄ ስትጠይቅ ግን እጄን አላወጣም። ሰው ፊት ስናገር ፊቴ ይግላል፤ የማውቀው ቃል እንኳ ይጠፋኛል። ልጆቹ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ቶሎ የለመዱኝ። ዝም የሚል ትልቅ ሰው ብዙም አያስፈራም።

የወረቀት ልጆቹን ግን አልወደድኳቸውም። ጣሪያው ላይ ያለው የአየር ማናፈሻ በየተወሰነ ጊዜ በራሱ ይነሳል። ያኔ ሁሉም ወረቀቶች በአንድ ጊዜ ከግድግዳው ትንሽ ይርቃሉ፣ ቆይተው ደግሞ ተመልሰው ይለጠፋሉ። ትንፋሽ ስበው እንደሚያስወጡ። ልጆቹ ግቢ ወጥተው ብቻዬን ጠረጴዛ ስጠርግ ይሄ ሲሆን ጨርቄን ይዤ እስኪያበቃ ቆሜ እጠብቃለሁ። በሰኔ ደግሞ እዚህ ፀሐይ ከሰው ቀድማ ተነስታ ከሰው በኋላ ነው የምትተኛው። በመስኮቱ በኩል የተሰቀሉት ፊታቸው ነጥቷል። አንዳንዱ ዓይኑ ጠፍቷል።

ያደግኩበት ከተማ ጎረቤታችን አናጢ ነበሩ። በር ይሠራሉ፣ ወንበር ይሠራሉ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ሲባጎ ይዘው ይሄዱና የሟቹን ቁመት ለክተው ይመለሳሉ። ሲባጎውን አጣጥፈው በኪሳቸው ይዘው ሲያልፉ እናቴ እጄን ትስበኛለች። «ሰው ተኝቶ የሚለካው አንድ ጊዜ ነው» ትል ነበር። ቁመታችንን ማወቅ ስንፈልግ በር ላይ አቁማ ነው በከሰል የምታሰምርልን። ይሄን ለመምህርቷ አልነገርኳትም። በየትኛው ቃል እነግራታለሁ?

ከልጆቹ መካከል አንዲት የኛ ልጅ ነበረች። እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ እናቷ ብቻዋን የምታሳድጋት። ከነሐሴ ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። የተባለችውን ሁሉ ትሠራለች። ፊደሎቹን ከሁሉም አስተካክላ የምትቆርጠው እሷ ናት። ስሟ ሲጠራ ግን ዓይኗን ብቻ ታነሳለች። ሽንት ቤት መሄድ ስትፈልግ በሩ ጋ ሄዳ ትቆማለች። የወረቀት ልጆቹን ሲስሉ ሌሎቹ አፍ ላይ አንዲት ቀይ መስመር አድርገው ሲያልፉ እሷ ግን አፉን ጥርስና ምላስ ሳይቀር በሰፊው ከፍታ ነው የሳለችው። ወረቀቷ መስኮቱ አጠገብ ነበረች፤ ዓይኖቿ ነጥተው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም። አፉ ግን እንደ ቀላ ነው።

አንድ ቀን ሐብሐብ እየቆረጥን መምህርቷ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ዓመቱ ከማለቁ በፊት ባለው ሐሙስ ልጅቷን የሚያየው የኮሙኑ አማካሪ ይመጣል። እስከዚያ ልጅቷ ስትናገር ካልተሰማች ከክረምቱ በኋላ ከጓደኞቿ ጋር ሁለተኛ ክፍል አትገባም፤ ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ ላለ ትንሽ ቡድን ትሰጣለች።

«አንድ ቃል ይበቃኛል» አለች መምህርቷ። «ስድብም ቢሆን።» ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ልጅቷን ትወዳት ነበር።

በዚያው ሰሞን የዓመቱ መዝጊያ ሥራ ተጀመረ። መሳቢያዎች ይራገፋሉ፤ በእርጎ ጣሳ የተተከለው ባቄላ ወደ ቤት ይላካል፤ ዓመቱን ሙሉ የጠፋው ጓንት፣ ካልሲና የዝናብ ሱሪ ኮሪደር ላይ በጠረጴዛ ይዘረጋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ በውሃ ይጫወቱ ነበር። እኔ የደረቀ ማጣበቂያ ከጠረጴዛ ለመፋቅ ወደ ክፍል ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ ሁለት ሰዎች ያወራሉ።

አንደኛዋ በአማርኛ ትጠይቃለች፤ ቀጭን የሕፃን ድምፅ ነው። ሁለተኛዋ በኖርስክ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ትመልሳለች፤ ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ዕድሜዋም ከፍ ያለ ይመስላል።

«ደከመሽ?»

«ትንሽ።»

«ዛሬ ሰደቡሽ?»

«ኔይ» አለች፤ አይ ማለት ነው። «እኔን ሁሉም ይወደኛል።»

«እኔንስ?»

ያቺ ድምፅዋ ወፈር ያለው፣ «አንቺን አያውቁሽም» አለች።

በሩን ገፋሁት። ልጅቷ ብቻዋን ነበረች። ከወረቀቷ ፊት ቆማ፣ አፍንጫዋ ከወረቀቷ ሆድ ጋር ሊነካካ ደርሷል። ዞር ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም፤ የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

«እሷ ናት የምትማረው» አለችኝ፣ በአማርኛ። ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ፊደሎቹ ሁሉ እሷ ላይ ናቸው። እኔ ጠዋት ጠዋት የምመጣው ብቻዋን እንዳትሆን ነው።»

«ለምን ለሌሎቹ አትናገሪም?» አልኳት።

«አንቺስ?»

«እኔ… ቋንቋው ገና አልገባኝም።»

ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ፈለገች። «ያንቺ የታለ? ወረቀት የለሽም እንዴ? ለዚህ ነዋ የማትናገሪው» አለችና ወደ ግቢ ሮጠች። የአየር ማናፈሻው ተነሳ። ጨርቄን ጥዬ ከኋላዋ ወጣሁ።

ለመምህርቷ በዚያው ቀን ነገርኳት። ቃል እየፈለግኩ፣ እየቀላሁ፣ «ትናገራለች፤ ለወረቀቷ» አልኳት። መምህርቷ እጄን ያዘችኝ፤ በጣም ተደሰተች። በማግስቱ ከበሩ ኋላ ቆማ ጠበቀች። ልጅቷ ከወረቀቷ ፊት ቆመች፤ አንድ ቃል ግን አልወጣትም። ጀርባዋን ለበሩ እንደሰጠች ቆይታ፣ ጣቷን የወረቀቷ አፍ ላይ አድርጋ ጫነችው፤ ዝም በይ እንደሚባለው።

«አማካሪው ራሱ መስማት አለበት» አለችኝ መምህርቷ በኋላ። «እኛ ሰማን ብንለው አይበቃውም።»

ማክሰኞ እናቷ መጣች። ሌላ ጊዜ ልጅቷን ከግቢው በር ነው የምትቀበላት፤ ቢየርቪካ በሚባል ሰፈር ቢሮዎች ስታጸዳ ውላ በድካም ስለምትመጣ ወደ ውስጥ መግባት አታበዛም። የዚያን ቀን ግን የጠፋ ጓንት ፍለጋ ኮሪደር ድረስ ገባች። ጓንቱን አገኘችው። ቀና ስትል በተከፈተው በር የወረቀት ልጆቹን አየች፤ ጓንቱ ከእጇ ወደቀ።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«ልጆቹ ናቸው፣ እትዬ። እንደ መልካቸው ተሠርተው ነው። እንዳይደነግጡ።»

«አንቱ አትበይኝ፣ አላረጀሁም!» አለች። ዓይኗን ግን ከግድግዳው አልነቀለችም። «ቁመቱ ራሱ የልጄ ነው። ማን ለካት?»

«መምህርቷ ናት። ነሐሴ ላይ፤ እኔ አልነበርኩም።»

«ቆማ ነው?»

ወለሉን አየሁ።

«ተኝታ ነው የለኳት?» ድምፅዋ ወረደ። «በጀርባዋ አጋድመው? እንደ ሬሳ? በስመ አብ! ቆማ ብትለካ ምን ነበረበት፣ ግድግዳ ሞልቶ!»

«እነሱ ጋ ጨዋታ ነው።»

«አውቃለሁ ጨዋታ እንደሆነ። ለዚህ እኮ ነው የማልነግራቸው፤ ይስቁብኛል።» ክንዴን ያዘችኝ። እጇ ከሳሙና ብዛት ሻክሯል። «ልጄ አፏ የተያዘው ከነሐሴ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ታወራልኛለች። አሁን ገባኝ። እህቴ፣ አንቺ ሐበሻ ነሽ፣ ይገባሻል። ቅደጂልኝ። ቤቴ አላስገባውም፤ እዚህም እንዲቀር አልፈልግም።»

«እሺ» አልኩ።

«ማርያምን?»

«እሺ።»

እሺ ማለት ለእኔ ከሁሉ የሚቀለው ቃል ነው። ሰው ከፊቴ እስኪሄድልኝ ነው የምለው። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ከወረቀቷ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ብቀድዳት፣ ልጅቷ ከምታናግራት አንዲት ነገር ጋር ምን ይቀደድ ይሆን? ባልቀድዳት ደግሞ እናቲቱ ያለችው እውነት ቢሆንስ? እኔም እኮ የዚያ አናጢ ጎረቤት ነኝ። እጄን ወደ መቆንጠጫው ዘረጋሁ፤ ያ ቀይ አፍ ከእጄ በላይ እንደተከፈተ ነው። እጄን መለስኩ።

ረቡዕ ልጅቷን ጫማ ሳስር እንዲህ አልኳት፦ «ዓርብ ወረቀቶቹ ይወርዳሉ። ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ይመጣሉ።»

«እሷስ የት ትሄዳለች?»

ማሰሪያዋን ጠበቅ አደረግኩት።

«እማዬ አትፈልጋትም» አለች፤ እናቷ እቤት ነግራት ነበር ማለት ነው። ጫማዋን አየች። «ታዲያ ለእኔ ማን ይናገርልኛል?»

ሐሙስ አማካሪው መጣ። ረጅም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ የልጆች ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ አጠገብ ደረሰ። የዕለቱ ሥራ የዓመቱ የመጨረሻው ነበር፦ ልጆቹ የየራሳቸውን ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተው በድሮው ልካቸው ላይ እንደገና ይተኛሉ፤ መምህርቷ በቀይ ማርከር ታሰምራለች። በሰማያዊውና በቀዩ መካከል ያለው ክፍተት በዚህ ዓመት ያደጉት ነው።

ክፍሉ ገበያ ሆነ።

«እኔ በእግሬ በኩል ነው ያደግኩት!»

«እኔ ጭንቅላቴ ብቻ ነው ያደገው፣ እዩልኝ!» አለ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ አንድ ልጅ።

«እሱማ ድሮም ትልቅ ነበር!» አለችው አጠገቡ የተኛችው።

የኛዋ ልጅ ተራ ደረሰ። ወረቀቷን ራሷ አወረደች፤ መሬት ላይ ዘረጋቻት፤ የተሸበሸበውን በመዳፏ አስተካከለች። ከዚያ ከራስጌዋ ቆማ ቀረች። መምህርቷ ተንበርክካ፣ «ትተኚያለሽ?» አለቻት። ልጅቷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። መምህርቷ ጠበቀች። ልጆቹም ቀስ በቀስ ዝም አሉ። አማካሪው አንድ ነገር ጻፈ። እሱ ሲጽፍ የመምህርቷ ትከሻ ወረደ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁት። አለቀ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ልጅቷ ግን ወደ ጥጉ ሄደች። ከትልቁ ጥቅል አዲስ ወረቀት ሳበች፤ ከራሷ ቁመት አልፋ ሳበች፤ ከመምህርቷ እጅ መቀስ ተቀብላ ቆረጠችው። ከወረቀቷ ጎን ዘረጋችው። ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

ልጆቹ ሳቁ። «አትበቃም! እግሯ ይተርፋል!»

መምህርቷ አየችኝ። ግድ አይደለም የሚል አስተያየት ነበር፤ ግን ልመናም ነበረበት። ክፍሉ በሙሉ እኔን እያየ ነው፤ ፊቴ ጋለ። ሲባጎ ይዘው የሚያልፉት አናጢ፣ የእናቴ እጅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። እንቢ ለማለት የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነበር፤ እሱንም ማውጣት አልቻልኩም። ሄጄ በጀርባዬ ተኛሁ።

ወለሉ ይቀዘቅዛል። ከታች ሆኖ ሲታይ ያ ክፍል ሌላ ክፍል ነው። ገና ያልወረዱት የወረቀት ልጆች ከላይ ወደ ታች ያዩኛል፤ ፊታቸው ሳይሆን አገጫቸው ነው የሚታየው። ልጅቷ ማርከሩን ከመምህርቷ ተቀብላ ከጆሮዬ ጀመረች። ሲጫር ድምፁ ከውጭ ሳይሆን ከራሴ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። አንገቴ፣ ትከሻዬ፣ ክንዴ፣ አንድ አንድ ጣቴ። አትቸኩልም። መስመሩ ባለፈበት በኩል ሰውነቴ ወለሉ ላይ የተጣበቀ መሰለኝ፤ ባልደረሰበት በኩል ደግሞ እግሬ ገና የራሴ ነበር። ዓይኔን ልጨፍን ብዬ ተውኩት፤ ዓይኑን ጨፍኖ በጀርባው የተኛ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ጉልበቴ ጋ ስትደርስ ያ ጥርሱ የወለቀው ልጅ መጠበቅ ሰልችቶት መጣ። ተንደርድሮ በሆዴ በላይ ዘሎ ወደዚያ ማዶ አለፈ።

«ኔይ!»

ክፍሉ ቀጥ አለ። ልጁ አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ።

«ጎ ቲልባከ!» ተመለስ ማለት ነው። «በመጣህበት ተመለስ! ተራምደሃት ካለፍክ አታድግም፤ እንዳለች ትቀራለች!»

ልጅቷ ናት። ማርከሩን እንደ ጦር ይዛ፣ በኖርስክ።

«ትናገራለች!» አለ ልጁ ለአማካሪው፣ እንደሚያሳብቅ። ቀጥሎ ወደ እሷ ዞረ። «ትልቅ ሰው ናት እኮ! አድጋ ጨርሳለች!»

«አልጨረሰችም። ገና መናገር እንኳ አልጀመረችም። ተመለስ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ልጁ መልሶ ዘለለኝ። ከዚያ ሁሉም መዝለል ፈለጉ። በሆዴ በላይ ዘለው ሄዱ፣ ተመለሱ፤ እሷ ከእግሬ ሥር ቆማ ታዛለች፦ «አንተ አልተመለስክም! አንቺ ሁለቴ ሄደሽ አንዴ ነው የመጣሽው!» መምህርቷ ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን ጠረገች። አማካሪው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን አጣጠፈ።

እነሱ የሰሙት ዝም ያለች ልጅ ስትናገር ነው። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ከታች ተኝቼ፣ ልጆች በላዬ እየዘለሉ፣ ድምፁን አወቅኩት። ያ ቀጭኑ፣ በአማርኛ የሚጠይቀው አልነበረም። ያ የወፈረው፣ በበሩ ክፍተት የሰማሁት፣ «አንቺን አያውቁሽም» ያለው ነበር። አንገቴን አዙሬ ከጎኔ የተዘረጋችውን ወረቀቷን አየሁ። ልነሳ ክንዴን ሳንቀሳቅስ፣

«ተኚ» አለችኝ በዚያው ድምፅ፣ በኖርስክ። «አልጨረስኩሽም።»

ተኛሁ።

ስነሳ ጀርባዬ በላብ ርሷል። ልጅቷ እኔን አላየችኝም። ወረቀቴ ላይ ተንበርክካ ፊት ትስልልኝ ነበር። ዓይኔን ትናንሽ አደረገችው። አፌን ግን ሰፊ አድርጋ ከፈተችው፤ ጥርስና ምላስ አስገባችበት።

ዓርብ ወረቀቶቹ ሲወርዱ የራሷን ለአራት አጣጠፈቻትና ሄዳ ወረቀት መጣያው ውስጥ ከተተቻት።

«ሁሉም ፊደሎችሽ እኮ እዚያ ላይ ናቸው!» አለቻት መምህርቷ።

«እሷ ባዶ ናት» አለች ልጅቷ፣ ትከሻዋን ነቅንቃ።

እናቷ ስትመጣ መምህርቷ ኮሪደር ላይ አቀፈቻትና ነገረቻት፤ መስከረም ላይ… አይ፣ እነሱ ጋ ትምህርት በሚጀመርበት ነሐሴ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። እናቲቱ በነጠላዋ ሳይሆን በሥራ ጃኬቷ እጅጌ እንባዋን ጠረገች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ በጆሮዬ፣ «ያ ነገርስ?» አለችኝ።

«ራሷ ጣለችው።»

«ተመስገን! አላልኩሽም?» ሳቀች። ወዲያው ልጅቷ በብብቷ የያዘችውን፣ ከራሷ የሚረዝም ጥቅል አየች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ።

«አንቺንም ለኩሽ? ተኝተሽ?»

«ያ» አልኩ፤ አዎ ማለቴ ነው።

«አይ አንቺ ልጅ!» ራሷን ያዘች። ልጅቷን አየች፤ ጥቅሉን አየች። ልጅቷ በእጆቿ ጠበቅ አደረገችው። እናቲቱ ተነፈሰች። «እንግዲህ አንቺ ትልቅ ነሽ፤ ጸሎትሽን ታውቂያለሽ። የልጄ እስካልሆነ ትውሰደው።» ቀልድ ነበር፤ እኔም ሳቅኩ። ወደ ባቡሩ ሲወርዱ ከኋላ አየኋቸው፤ እናት፣ ልጅ፣ ከልጅቷ ትከሻ በላይ ደግሞ የጥቅሉ ጫፍ።

ከዚያ በኋላ ፕራክሲሱ አለቀ። ብሪን አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘሁ። ሥራው ብቻን የሚሠራ ስለሆነ ተስማማኝ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እናቲቱ ደወለች።

«ልጅሽ ደህና ናት?» አልኳት።

«አፏ አይዘጋም! መምህርቷ ራሷ ዝም በይ ትላታለች አሉ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቅዳሜ ነይ እስኪ። ነይና ስሚልኝ።»

ሄድኩ። ልጅቷ በሩን ከፍታ በኖርስክ «ሃይ» አለችኝ፤ ፊቴን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ እያየች፤ ወዲያው ክፍሏ ገብታ ዘጋች። እናቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝ።

«በአማርኛ ስጠይቃት በኖርስክ ነው የምትመልስልኝ» አለች በሹክሹክታ። «እሺ፣ የሁሉም ልጅ እንደዚያ ነው አልኩ። አማርኛዋ ጠፋ ብዬ ተቀበልኩ። ግን ስሚ።»

ከበሩ ኋላ ያ ቀጭኑ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ ንጹሕ አድርጎ፣

«ትናንት ሥራ እንዴት ነበር?» አለ።

ሌላ ድምፅ መለሰ። በኖርስክ ነው፤ ፈጣን፣ ሳቅ ያለበት፣ ምንም የማይደናቀፍ። «አለቃው እሑድም ግቢ አለኝ። ኔይ አልኩት!»

እናቲቱ ዞራ አየችኝ። «ይሄንን አንቺ ነግረሻት ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ለማንም አልነገርኩም። ዓርብ ዕለት አለቃዬ እሑድም እንድገባ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ያልኩት ግን «እሺ» ነው።

«ፈርተሽ ነበር?» አለ ቀጭኑ ድምፅ።

ማን እንደተጠየቀ ሳላስብ፣ ከኮሪደሩ፣ «አዎ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

የእግር ኮቴ መጣ። በሩ ትንሽ ተከፈተ፤ ከልጅቷ ኋላ ግድግዳው ላይ የእኔ ወረቀት አፉን ከፍቶ ተሰቅሏል። ልጅቷ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ቤት ተሳስቶ የመጣን ሰው እንደምናይ፣ ሳትቆጣ።

«አንቺን አይደለም የጠየቅኩት» አለች በኖርስክ፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ኔይ» አለች ያቺ ሌላዋ ከውስጥ። «ምንም አልፈራሁም።»